ከካንሰር ላገገሙ ሰዎች የልብ ማገገሚያ በርቀት፤ ከመሣሪያው በፊት አሠራሩ

የካንሰር በሽታ በበለጸጉትም ሆነ በማደግ ላይ በሚገኙ አገሮች ከፍተኛ የጤና ችግር መሆኑ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በዓመቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በበሽታው አዲስ የተያዙ ሲሆን፣ 9 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይኸው ግምት በሽታው ከተገኘባቸው አምስት ዓመት ያልሞላቸውና በሕይወት ያሉ ሰዎች ቁጥር 53 ነጥብ 5 ሚሊዮን እንደሚደርስም ያመለክታል።

ሕክምናው ውጤታማ እየሆነ በመጣ ቁጥር ከካንሰር በኋላ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥርም አብሮ ያድጋል። ይሁን እንጂ ዕጢውን ለማጥፋት የተሰጡት መድኃኒቶችና ጨረር ከወራት አልያም ከዓመታት በኋላ ልብን የሚጎዱበት አጋጣሚ አለ። በዚህም የተነሳ ካንሰሩን ያሸነፈ ታካሚ በልብ ድካም ተመልሶ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሚያግዙ ዘዴዎች አንዱ የልብ ማገገሚያ አገልግሎት ሲሆን፣ ታካሚው በመኖሪያ አካባቢው ሆኖ በስልክና በመሰል የመገናኛ ዘዴዎች አገልግሎቱን እንዲያገኝ የማድረግ አሠራር በተለያዩ አገሮች እየተስፋፋ መጥቷል።

ስለ ጉዳዩ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠቀሱት የእጅ ሰዓት መሰል መቆጣጠሪያዎችና የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው። እስከ አሁን የተገኘው ልምድ ግን የአገልግሎቱ ውጤት ከመሣሪያው ዘመናዊነት ይልቅ በሦስት ቀላል በሚመስሉ ጉዳዮች ላይ እንደሚመሠረት ያስረዳል። እነዚህም ታካሚው የወሰደውን የመድኃኒት መጠን የሚገልጽ ሰነድ መኖሩ፣ ክትትሉን በኃላፊነት የሚይዝ ባለሙያ መመደቡ እንዲሁም የአደጋ ምልክት ሲታይ ታካሚውን ሳይውል ሳያድር የሚቀበል ተቋም መታወቁ ናቸው።

ካንሰሩን የሚያጠፋው መድኃኒት ልብን ሲጎዳ

ለጡት ካንሰር፣ ለደም ካንሰርና ለሊምፍ ዕጢ ካንሰር ሕክምና በስፋት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው። አንትራሳይክሊን ተብሎ በሚታወቀው የመድኃኒት ምድብ የሚካተተው ይህ መድኃኒት ለአሠርት ዓመታት የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ታድጓል። በልብ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን የሚከማች ነው። ታካሚው በሕይወት ዘመኑ የወሰደው ጠቅላላ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የልቡ ጡንቻ የመዳከም ዕድል ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ይፋ የሆነ ጥናት ጠቅላላው መጠን በአንድ ሜትር ካሬ የሰውነት ስፋት 400 ሚሊ ግራም ሲደርስ 3 በመቶ፣ 550 ሚሊ ግራም ሲደርስ 7 በመቶ፣ 700 ሚሊ ግራም ሲደርስ ደግሞ 18 በመቶ የሚሆኑ ታካሚዎች ለልብ ድካም እንደሚጋለጡ አመልክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሌላ ትንታኔ ደግሞ ችግሩ ከተገመተው የላቀ መሆኑን በማሳየት አኃዞቹን በቅደም ተከተል ወደ 5፣ 26 እና 48 በመቶ ከፍ አድርጓቸዋል።

ለተወሰኑ የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚሰጠው ትራስቱዙማብም በልብ ላይ ጫና አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት መድኃኒቱ ከአንትራሳይክሊንና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር በአንድ ላይ ከተሰጣቸው ሴቶች 27 በመቶ የሚሆኑት የልብ ሥራ መታወክ ሲደርስባቸው፣ ትራስቱዙማብ ሳይጨመር ሁለቱን ብቻ ከወሰዱት መካከል ይህ የደረሰባቸው 8 በመቶ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ትራስቱዙማብና አንትራሳይክሊን በአሁኑ ወቅት በአብዛኛው የሚሰጡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ነው። ትራስቱዙማብ የሚያስከትለው የልብ መዳከም መድኃኒቱ ሲቋረጥና ተገቢው ሕክምና ሲሰጥ በአብዛኛው የሚመለስ መሆኑም ይታወቃል።

የጨረር ሕክምናም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። በስዊድንና በዴንማርክ ለጡት ካንሰር ጨረር በወሰዱ 2 ሺህ 168 ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ልብ ላይ ያረፈው አማካይ የጨረር መጠን በአንድ ግሬይ በጨመረ ቁጥር ከባድ የልብ ደም ቧንቧ ሕመም የመከሰት ዕድል በ7 ነጥብ 4 በመቶ እንደሚያድግ አረጋግጧል። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ የሚጀምርና ቢያንስ ለ20 ዓመታት የሚዘልቅ መሆኑንም ጥናቱ አሳይቷል።

እነዚህ አኃዞች የካንሰር ሕክምናን ለማስፈራራት የሚውሉ አይደሉም። አብዛኞቹ ታካሚዎች ከባድ የልብ ጉዳት አይደርስባቸውም። ሕክምናውን ማቋረጥ የሚያስከትለው አደጋም በአብዛኛው ከልብ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው። ቁም ነገሩ ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት ሊታከም የሚችል መሆኑ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ በጣሊያን ሚላን ከተማ የተገኙት ውጤቶች ተጠቃሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የ2 ሺህ 625 ታካሚዎች ክትትል እንዳመለከተው በአንትራሳይክሊን ምክንያት የልብ ጉዳት የደረሰባቸው 9 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 98 በመቶ የሚሆኑት ጉዳቱ የታየባቸው ሕክምናው በተጠናቀቀ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት ደግሞ የልብ መድኃኒት በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከተጀመረላቸው ታካሚዎች 64 በመቶ የሚሆኑት ሲያገግሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከተጀመረላቸው መካከል ሙሉ በሙሉ ያገገመ አለመኖሩን አሳይቷል። በሁለት ወርና በስድስት ወር መካከል ያለው ልዩነት ታካሚው በሕይወት ዘመኑ የሚኖረውን የልብ አቅም የሚወስን ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

የልብ ማገገሚያ አገልግሎት ምንነት

የልብ ማገገሚያ አገልግሎት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ሁኔታ ቢኖርም ይዘቱ ከዚያ የሰፋ ነው። በባለሙያ የተመጠነ እንቅስቃሴን፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ቁጥጥርን፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ክትትልን፣ የአመጋገብ ምክርን፣ ትምባሆ የማቆም ድጋፍንና የሥነ ልቦና እገዛን አጣምሮ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት የሚቆይ ሲሆን መነሻና መድረሻው በምርመራ ይለካል።

አገልግሎቱ በመጀመሪያ የተዘጋጀው የልብ ድንገተኛ ሕመም ለደረሰባቸው ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮክሬን የተሰኘው ዓለም አቀፍ የጥናት ግምገማ አውታር 85 ጥናቶችንና ከ23 ሺህ በላይ የልብ ደም ቧንቧ ሕሙማንን በማካተት ባወጣው ግምገማ፣ በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ማገገሚያ በልብ ሕመም ምክንያት የሚደርስን ሞት በአንድ አራተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ገልጿል።

አሠራሩን ከካንሰር ላገገሙ ሰዎች ለማዋል የተጀመረው ጥረት የቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ የካንሰር ታካሚዎች በልብ ማገገሚያ ሥርዓት ውስጥ የሚካተቱበትን አግባብ አመልክቷል። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 በካንሰርና በልብ ሕክምና ቅንጅት ላይ የመጀመሪያውን መመሪያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የፖርቱጋል ጥናት በበኩሉ ከፍተኛ የልብ ሕመም ተጋላጭነት ያላቸውን ከካንሰር ያገገሙ ሰዎች ለስምንት ሳምንታት በሁለት መድቦ ተከታትሏል። በሆስፒታል የልብ ማገገሚያ ውስጥ ያለፉት ታካሚዎች ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም በ2 ነጥብ 1 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም በደቂቃ ሲያድግ፣ በማኅበረሰብ ደረጃ እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ያገኙት ዕድገት 0 ነጥብ 8 ነበር።

ሆኖም አገልግሎቱ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ዳሰሳ ከ203 አገሮች መካከል የልብ ማገገሚያ አገልግሎት የሚገኝባቸው 111 ብቻ መሆናቸውን አረጋግጧል። አገልግሎቱ ባለባቸው አገሮችም ቢሆን ርቀት፣ የመጓጓዣ ወጪና የሥራ ሁኔታ ብዙዎችን ከማዕከሉ ያርቃቸዋል። በርቀት የሚሰጥ አገልግሎት አማራጭ ሆኖ የቀረበውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አገልግሎቱ በርቀት ሲሰጥ

በርቀት የሚሰጥ ማገገሚያ ያለ ምርመራ የሚጀመር አይደለም። ታካሚው በቅድሚያ በሆስፒታል የልብ አልትራሳውንድ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የደም ግፊት ልኬትና የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ይደረግለታል። የደም ማነስ፣ በአጥንት ላይ የተሰራጨ ዕጢ፣ የእግር ወይም የእጅ መደንዘዝ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የክንድ እብጠት መኖር አለመኖሩም ይጣራል። እነዚህ ችግሮች በተለመደው የልብ ሕመምተኛ ላይ እምብዛም የማይታዩ በመሆናቸው ለካንሰር ታካሚዎች የሚወጣው ዕቅድ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በመቀጠል ታካሚው የራሱ ዕቅድ ይሰጠዋል። በሳምንት ስንት ቀን፣ ለምን ያህል ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት እንደሚራመድ ይወሰናል። የድካም መጠኑንም ከ6 እስከ 20 በሚደርስ መለኪያ ወይም እየተራመደ መነጋገር በመቻሉና ባለመቻሉ እንዲለይ ይሰለጥናል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ ይጨመራል፤ ከሌለ የእጅ አንጓን የደም ምት ቆጥሮ መመዝገብ ይቻላል። የተመደበው ባለሙያ በሳምንት አንድ ጊዜ እየደወለ ምዝገባውን ያዳምጣል፤ ዕቅዱንም ያስተካክላል።

የዚህ አሠራር ውጤት በልብ ሕሙማን ላይ በተደጋጋሚ ተፈትሿል። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን በያዙ 24 ጥናቶች ላይ ባደረገው ግምገማ፣ በቤት የሚሰጥና በማዕከል የሚሰጥ ማገገሚያ ተመጣጣኝ ውጤት እንዳላቸው ገልጿል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት ለ12 ሳምንታት በስልክ ምክር በሚሰጥበት ፕሮግራም ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 1 ሺህ 120 ሰዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ በፕሮግራሙ የተሳተፉት ካልተሳተፉት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ተጋላጭነታቸው በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡ ባለመሆናቸው ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት ቢኖርበትም፣ ዋነኛው መሣሪያ ተራ ስልክ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የፖላንድ ጥናት ሚዛናዊ ግንዛቤ ለመያዝ ይረዳል። በጥናቱ ከተካተቱ የልብ ድካም ያለባቸው 850 ታካሚዎች ግማሾቹ ለዘጠኝ ሳምንታት ዘመናዊ መሣሪያ በተሟላለት የርቀት ማገገሚያ ውስጥ ታቅፈው አካላዊ አቅማቸውና የኑሮ ሁኔታቸው ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ከሆስፒታል ውጪ በሕይወት የቆዩባቸው ቀናት መደበኛ ክትትል ካገኙት ታካሚዎች የበለጠ አልሆነም። ከዚህ መገንዘብ የሚቻለው አጭር ጊዜ የሚቆይና ከመደበኛው ሕክምና ጋር ያልተሳሰረ የርቀት ፕሮግራም ብቻውን የታካሚውን ዕጣ እንደማይለውጥ ነው። ከካንሰር ባገገሙ ሰዎች ላይ የተደረጉት የርቀት ጥናቶችም በመጠን ገና አነስተኛ በመሆናቸው፣ አሠራሩ በየአገሩ ሲጀመር ውጤቱን እየለኩ መሄድ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ነባራዊ ሁኔታ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለው ቅርበት ከበርካታ አቅጣጫዎች የሚታይ ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሪቱ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር አዲስ የተያዙ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑት የጡት ካንሰር ታማሚዎች ናቸው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከታከሙ ከ1 ሺህ በላይ የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት መሆኑን አመልክቷል። በዚህ ዕድሜ ከካንሰር የዳነች ሴት ገና ልጆች የምታሳድግ፣ በሥራ ገበታዋ የምትገኝና በርካታ ዓመታት የሚጠብቋት ናት። ልቧ ከተጎዳ ጉዳቱ ከእርሷ አልፎ ለቤተሰብና ለሥራ ቦታ ይተርፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ በሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት የሚከሰተው የልብ በር ሕመም ነው። በበለጸጉት አገሮች እየጠፋ የመጣው ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ወጣቶችን ጭምር የሚያጠቃ ሲሆን፣ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቀድሞውኑ የተጎዳ ልብ ያለው ሰው አንትራሳይክሊን ሲወስድ ተጋላጭነቱ ይጨምራል። ከሕክምናው በፊት የሚደረግ የልብ ምርመራ በኢትዮጵያ ሁኔታ ይበልጥ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረር ጭምር አገልግሎቱን ለማስፋፋት ተችሏል። ያም ሆኖ በርካታ ታካሚዎች ለእያንዳንዱ ዙር ሕክምና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ በሕክምናው ወቅትም በዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ይሰነብታሉ። ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው፣ ሕመም ሳይሰማው ለልብ ምርመራ ብቻ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አዳጋች ነው። የሚመጣው እግሩ ሲያብጥና ተንጋሎ መተኛት ሲያቅተው ነው። በሚላኑ ጥናት መለኪያ ሲታይ ደግሞ ይህ ብዙውን ጊዜ የዘገየ ነው።

አገሪቱ ለአሠራሩ መነሻ የሚሆኑ አቅሞች አሏት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር በ2017 ዓ.ም. ከ80 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተገልጿል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋለው ቴሌብር ኅብረተሰቡ ስልክን ከመነጋገሪያነት ባለፈ ለአገልግሎት ማግኛነት መጠቀምን እንደለመደ ያመለክታል። የኮቪድ 19 ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላም የ8335 ነጻ የስልክ መስመር ለመረጃና ለጥቆማ በስፋት አገልግሏል።

ይሁንና በገጠር የሚኖሩ በርካታ ሴቶች የሚጠቀሙት የባለቤታቸውን ወይም የልጃቸውን ስልክ ነው። የኔትወርክና የኤሌክትሪክ አቅርቦትም በሁሉም አካባቢ እኩል አይደለም። ስለሆነም ዘመናዊ ስልክንና ኢንተርኔትን ቅድመ ሁኔታ የሚያደርግ ፕሮግራም አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ያገልላል። ተራ ስልክ፣ የወረቀት መመዝገቢያና በወር አንድ ጊዜ በጤና ኬላ የሚደረግ የደም ግፊትና የክብደት ልኬት የተጣመሩበት አሠራር ግን ብዙዎችን ሊያዳርስ ይችላል።

ይዘቱም ከአካባቢው አኗኗር ጋር መጣጣም አለበት። በደጋማና ወጣ ገባ አካባቢ የምትኖር ሴት በቀን 30 ደቂቃ እንድትራመድ ስትመከር ዳገቱ ሊታሰብ ይገባል። ውኃ የምትቀዳ ሴት በቂ እንቅስቃሴ ታደርጋለች ተብሎ ቢታሰብም፣ የጡት ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ጀሪካን መሸከም ክንዷን ሊያሳብጥ ስለሚችል መፍትሔ ይፈለግለታል። በበርበሬና በሽሮ ዝግጅት የሚገባው የጨው መጠን፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ቡና በጨው የመጠጣት ልማድ፣ በጾም ወቅት መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት የምክሩ አካል ሊሆኑ ይገባል። ደዋዩ ባለሙያም የታካሚውን ቋንቋ መናገር ይጠበቅበታል፤ በአስተርጓሚ የሚነገር የትንፋሽ ማጠር መልእክቱን ያጣልና።

ሰነዱ፣ ኃላፊነቱና ወጪው

ከላይ ከተጠቀሱት ጉዳዮች ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የሕክምና ማጠቃለያ ሰነድ ነው። በጡት ካንሰር ሕክምና የተለመደው አንዱ አሰጣጥ በአንድ ሜትር ካሬ 60 ሚሊ ግራም ዶክሶሩቢሲን በአራት ዙር መስጠት ሲሆን፣ ድምሩ 240 ሚሊ ግራም ይሆናል። የአውሮፓው መመሪያ ከካንሰር ያገገመን ሰው በከፍተኛ ተጋላጭነት የሚመድበው ድምሩ 250 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንድ መደበኛ ሕክምና የጨረሰ ሰው ወደ ወሰኑ እጅግ ተጠግቷል ማለት ነው። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢመለስና ታካሚው ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ፣ ቀደም ሲል የወሰደው መጠን ካልታወቀ ሐኪሙ ሳያውቀው ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል።

ሰነዱ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ አይደለም። የካንሰሩ ዓይነት፣ የመድኃኒቶቹ ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር የተሰጠበት የሰውነት ክፍልና መጠን፣ የመጨረሻው የልብ ምርመራ ውጤት እንዲሁም ቀጣይ ምርመራ የሚደረግበት ጊዜ ይሰፍሩበታል። በአውሮፓው መመሪያ መሠረት ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው ሰዎች የልብ አልትራሳውንድ ሕክምናው በተጠናቀቀ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ዓመት፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ ሊታሰብ የሚገባው ነው። አንድ ቅጂ ለታካሚው፣ አንድ ለጤና ጣቢያው፣ አንድ ደግሞ ለክትትል ክፍሉ ቢሰጥ ወጪው የወረቀት ያህል ነው። ይህ ባልተሟላበት ሁኔታ የሚደረግ የስልክ ጥሪ ከሰላምታ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

ሁለተኛው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። የካንሰር ሐኪሙ ሕክምናው መጠናቀቁን ሲያረጋግጥ ታካሚው ከእርሱ እጅ ይወጣል፤ የልብ ሐኪሙ ደግሞ ሕመም ያልተሰማውን ሰው አያገኘውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍን፣ ስሙና የሥራ ድርሻው በግልጽ የተቀመጠ የጤና ባለሙያ መመደብ አለበት። ይህ ባለሙያ የግድ ስፔሻሊስት ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ የሰለጠነ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ሊኖረው የሚገባው ግን አስጊ ምልክት ሲሰማ ታካሚውን በቀጥታ የመላክ ሥልጣን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የክብደት መጨመር፣ ተንጋሎ ሲተኙ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ ራስን መሳትና የደረት ሕመም ፋታ የማይሰጡ ምልክቶች ናቸው።

ሦስተኛው ወጪ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በርካታ ወረዳዎችን ማዳረሱ ይታወቃል። የክትትል ጥሪና የልብ ምርመራ ወጪ በምን አግባብ እንደሚሸፈን አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ አገልግሎቱ የውጭ ድጋፍ እስካለ ቆይቶ ድጋፉ ሲያበቃ የሚቆም ፕሮጀክት ሆኖ ይቀራል። በርቀት የሚሰበሰበው የጤና መረጃም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል። በተለይ ስልኩ የጋራ በሆነበት ቤት የታካሚዋ ሚስጥር እንዴት እንደሚጠበቅ በአሠራር መመሪያ መመልከት አለበት።

አፈጻጸሙ በምን ይለካ?

አዳዲስ ፕሮግራሞች ሲጀመሩ ሪፖርቶች ብዙውን ጊዜ በተሰጠው ሥልጠና፣ በተከፋፈለው መሣሪያና በተደወለው ስልክ ብዛት ላይ ያተኩራሉ። በዚህ አገልግሎት ረገድ እነዚህ ቁጥሮች ቢያድጉም የታካሚው ሁኔታ ላይሻሻል ይችላል። ከዚያ ይልቅ ሕክምናቸውን ከጨረሱት መካከል የማጠቃለያ ሰነድ ይዘው የወጡት ስንት ናቸው? የ12 ሳምንቱን ክትትል ያጠናቀቁት ምን ያህል ናቸው? የስድስት ደቂቃ ጉዟቸው በስንት ሜትር ጨመረ? የደም ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ስንት ናቸው? የሚሉት ጥያቄዎች የአገልግሎቱን ትክክለኛ ገጽታ ያሳያሉ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ መለኪያ ልዩ ክብደት አለው። እርሱም የመጀመሪያው አስጊ ምልክት ከተነገረበት ቀን አንስቶ ታካሚው የልብ ምርመራ ተደርጎለት መድኃኒት እስከሚጀምርበት ድረስ ያለው የቀናት ብዛት ነው። ይህ ጊዜ ከሁለት ወር እጅግ ባነሰ መጠን እንዲወሰን ማድረግ የሆስፒታሉን፣ የጤና ጣቢያውንና የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት የተቀናጀ ሥራ ይጠይቃል። የሚለካ በመሆኑም ተጠያቂነትን ለማስፈን ያመቻል።

ሥራውን በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ጊዜ ማስጀመር አስፈላጊ አይደለም። የካንሰር ሕክምና በሚሰጥባቸው ጥቂት ሆስፒታሎች፣ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን በጨረሱና ጤንነታቸው በተረጋጋ ሴቶች ተጀምሮ ውጤቱ ሲታይ ደረጃ በደረጃ ማስፋት ይቻላል። የማጠቃለያ ሰነዱን መስጠት ግን ሙከራውን መጠበቅ የሌለበትና ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

ለካንሰር ሕክምና መንግሥት፣ ቤተሰብና ኅብረተሰቡ ከፍተኛ ሀብት ያፈሳሉ። ታካሚዎችም ብዙ ሥቃይ ተቋቁመው ያልፉታል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ሕይወት በልብ ድካም ምክንያት እንዳያጥር ማድረግ የሚጠይቀው በአንጻሩ ጥቂት ነው። አንድ ገጽ ሰነድ፣ በየሳምንቱ የሚደወል ስልክና በር ከፍቶ የሚቀበል ተቋም ሲቀናጁ የርቀት ማገገሚያ አገልግሎት ትርጉም ይኖረዋል። በመሆኑም የሚመለከታቸው አካላት መሣሪያ ከማሟላታቸው አስቀድሞ ለእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ተገቢውን ትኩረት ሊሰጡ ይገባል።